ካርቱም ላይ ተከዜን የፈለግሁበት ቀን

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «ሌሊት ነው የወጣሁት» ይላል። ውሻ ጮኸ፣ ጨረቃዋ ደመና ውስጥ ገባች ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከስብሰባ መሐል፣ ፈቃድ ጠይቄ ነው።

አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ ነበርን። ከምሳ በኋላ ካድሬው ማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰበንና ስለ ምርት ዘመቻው ያብራራልን ጀመር። ሰውየው አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። እጄን አወጣሁ። «ጓድ፣ ለውሃ ሽንት» አልኩት። ንግግሩን ሳያቋርጥ በእጁ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። የበቆሎውን ማሳ አለፍኩ፣ ጫካውን አለፍኩ፣ የድንበሯን ከተማ ኩርሙክን አለፍኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም። ያ ስብሰባ አልቆ ከሆነ ንገሩኝ።

አሶሳ የገባሁትም ወድጄ አልነበረም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ላሊበላ ላይ እህል ይታደላል ተባለ። ቤታችን ከገነተ ማርያም በታች፣ ወደ ተከዜ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። አባዬ ሳሉ ጠንቶበት ተኝቷል፣ እማዬ እሱን ትታ መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ ጆንያዬን ይዤ እኔ ሄድኩ። ተመዘገብኩ። «ትጓደድ አያሌው» ተብሎ ስሜ ሲጠራ አቤት አልኩ። መኪናው ላይ ውጡ ተባልን። እህሉ ወዳለበት የሚወስዱን መስሎኝ ተሻምቼ ነው የወጣሁት፣ እሱን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም። ባዶው ጆንያ አብሮኝ አሶሳ ገባ። አባዬ ከደጃፍ ስወጣ በመጨረሻ ያለኝ «ስትመለሺ ያየሽውን ታወሪልኛለሽ» ነው።

እሱ እንዲህ ነበር። ወልዲያን አልፎ አያውቅም፣ ግን ያላየው ሀገር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ለእሱ ነው የሚያየው። ከገበያ የተመለሰን፣ ከወታደርነት የተመለሰን፣ ከጠበል የተመለሰን ሰው አስቀምጦ ይመረምራል። ልጅ ሳለሁ አንዲት ፈረንጅ ብቻዋን፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ የውሃ ኮዳ ትከሻዋ ላይ አንግታ በመንደራችን አለፈች። ሰው ሁሉ ምን ጠፍቷት ነው፣ ዘመድ የላትም ወይ፣ ማንን ፈልጋ ነው እያለ አዘነላት። አባዬ ብቻ እስክትሰወር ድረስ ቆሞ አያት። «ይህች ሴት ምንም አልጠፋትም» አለኝ። «ሀገር ልታይ ነው የመጣችው። እኔም ሥራ ስፈታ እንደሷ ባርኔጣ አደርጋለሁ።» ሥራ አልፈታም።

የመንገዱን ነገር አላንዛዛውም። የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት ቢነግሩትም አያምንም። ከኩርሙክ ደማዚን፣ ከደማዚን በማሽላ ጭነት ላይ ተቀምጬ ካርቱም ገባሁና ሲት ኒማት የሚሏት ባለጠጋ ሴት ቤት ተቀጠርኩ። ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ? እኛ በጥር ጋቢ ደርበን ጥርሳችን ሲንገጫገጭ፣ እዚህ ውሃው ከቧንቧው ፈልቶ ይወርዳል፤ ሻይ ቅጠል መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለውም፣ ተይዞ ወደ ፀሐይ ቢያዩበት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይታያል። ሰላምታቸው ግን እንደኛው ረጅም ነው፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቁ ወደ ነገር አይገቡም። እሱን አልክድባቸውም።

ማታ የምንተኛው ግቢው ጥግ ባለች ክፍል ከዘሀራ ጋር ነው። ዘሀራ የባቲ ልጅ ናት፣ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ታፈሰዋለች፣ እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት። በጾሜ ቀን የባለቤቶቹን ሥጋ እሷ ትሠራልኛለች፣ በረመዳን የቀኑን ሥራ እኔ እይዝላታለሁ።

ለእማዬ ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ደርግ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ አልመልስም ያልኩት ይህችን ፊደል ብቻ ነው። ደብዳቤውን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይወስድልኝና እዚያ ፖስታ ያስገባልኛል፤ ላስታ ሲደርስ መምሬ ተሰማ ያነቡላታል። መልሷም በዚያው መንገድ ዞሮ ይመጣል። ታዲያ ደብዳቤ እየተከፈተ እንደሚታይ የማያውቅ የለም። ሱዳን ነኝ ብዬ ብጽፍ ከዳተኛ ልጅ ወልደሻል ብለው የሚያስቸግሯት እሷን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ አልኳት፦ «ያለሁት ተከዜ የሚደርስበት ነው። አንቺ የቀዳሽበትን ውሃ እኔ ጠዋት ጠዋት ፊቴን እታጠብበታለሁ።» ተከዜ ሱዳን እንደሚገባ እኛ ጋ ሕፃን ያውቃል። ሱዳን ነኝ ማለቴ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

እማዬ ግን ቃል በቃል ወሰደችው። መልሷ ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወንዙ እየወረደች ስሜን ጠርታ ወሬ እንደምትነግረው አስጻፈችልኝ። ላሚቱ መውለዷን ነግሬዋለሁ፣ ደረሰሽ ወይ? የክርስትና እናትሽ ሰላም ብላሻለች፣ ደረሰሽ ወይ? ምን ልበላት? ደርሶኛል አልኳት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቧንቧ ፊቴን እየታጠብኩ ተከዜ ደርሶኛል እያልኩ ጻፍኩ።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ረጅም አልነበረም። የመምሬ ተሰማ ጽሑፍ እንደ ወትሮው ያማረ ነው፣ ቃሉ የእማዬ ነው፦ «የአባትሽን ነገር በወረቀት አላስጽፍም። ለውሃው ነግሬዋለሁ። ከእሱ ስሚ።»

ለዘሀራ አነበብኩላት። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠችና «አብሽሪ» አለችኝ። እኛ ወሎዎች ይህን ቃል ለማን እንደምንለው ታውቃላችሁ። ቆሽቴ አረረ። ምን ሆንኩና ነው የምታጽናኚኝ ብዬ ተቆጣኋት። አባዬ ሌላ ሚስት አግብቶ እማዬ አፍራ ይሆናል አልኩ። ሚሊሺያ አድርገውት ይሆናል፣ በሬውን ሸጦ ጠጥቶበት ይሆናል አልኩ። ዘሀራ ልብሱን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር፣ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ደጋግፎ ይዞ እንደሚያረዳ፣ እኔም እሷም እያወቅን ነው። እናንተም ገብቷችኋል። እኔም ገብቶኝ ነበር፣ ግን ሰው ሳይነግረኝ አባቴን አልቀብርም ብዬ ቆረጥኩ። ለውሃው ከነገረችው፣ ውሃው ይንገረኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ የእረፍት ቀን ሰጡኝ። ዘሀራ ተኝተን እንዋል አለች። እኔ ከተማ ልጎበኝ ነው አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ የምሬን መሆኑን ስታይ ደነገጠች። ከሻ የሚሉት አፈሳ አለ፤ የካርቱም ፈቃድ የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ ለቅመው ወደ ምሥራቅ ካምፕ ይጭኑታል። ሐበሻ ቤት ይቀመጣል እንጂ ይንሸራሸራል ወይ አለችኝ። ይንሸራሸራል አልኳት። ሰው እኛን ሊያይ ካሜራ ተሸክሞ ከዓለም ዳር መጣ፤ በረሃባችን ቀን እንኳ ቆመው አዩን። አንድ ቀን እኔ ደግሞ ላይ። ለአባዬም የማወራው ያስፈልገኛል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ከገበያ ባርኔጣ መግዛት ነው። ከሰሌን የተሠራ፣ ጠርዙ ትከሻዬ ድረስ የሚደርስ። ሻጩ ለማን ነው አለኝ፣ ለእኔ ነው አልኩት። በነጠላዬ ላይ አደረግሁትና በወንዙ ዳር ባለው ሰፊ መንገድ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደዚያች ፈረንጅ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ሰው ዞሮ ያየኛል። እኔም ዞሬ አየዋለሁ። የቤተ መንግሥቱን ዘበኛ ቆሜ ከእግሩ እስከ ራሱ አየሁት፣ ቱሪስት እንዲያ ነው የሚያየው። ዘበኛው እንደማየው ሲያውቅ ኮፍያውን አስተካከለ።

ከዚያ ሙዚየም ገባሁ። በር ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ አውቆ ጫማዬን አወለቀ። ልማድ ነው፣ ከድንጋይ የተሠራ ትልቅ ደጃፍ ሳይ ጫማዬ አይቆይልኝም። ሽማግሌው ጥበቃ መስጊድ አይደለም፣ ጫማሽን አድርጊ ብሎ ተቆጣ። አድርጌ ገባሁ። ታች ቤት ያለው ከበረሃ ተቆፍሮ የወጣ ድስትና ሐውልት ነው። ፎቅ ስወጣ ግን ባለሁበት ደረቅሁ። ግድግዳው ሙሉ የእኛ ሥዕል ነው። መላእክት፣ ጳጳሳት፣ ማርያም ከነልጇ፤ ዓይናቸው እንደ ገነተ ማርያም ሥዕል የተፈጠጠ፣ ልብሳቸው ያው። ድሮ እዚህ ሀገር ከነበረ አብያተ ክርስቲያናት አሸዋ ውስጥ የወጣ ነው አሉ። ማን ነግሮኝ ነበር? እኛ ብቻ ያለን ነበር የሚመስለኝ። ቀረብ አልኩና ግንባሬን አስነክቼ ተሳለምኳት። ሽማግሌው ከኋላዬ ሮጦ መጣ።

«ይህች ማርያም ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቁጥር አላት፣ አትንኪያት።»

ቁጥሯን አየሁት። ከግርጌዋ በትንሽ ወረቀት ተለጥፎባታል። አሶሳ ላይ እኔም ነበረኝ፣ በካርቶን ላይ ተጽፎ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ። ይህን ለአባዬ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ማርያምንም አስፍረዋታል እለዋለሁ፣ ይስቃል። ስወጣ ሽማግሌውን እጅ ነሳሁት። እሱም ቁጣውን ረስቶ መንገዱን አሳየኝ፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ሙግራን ሩቅ አይደለም አለኝ።

ሙግራን ስደርስ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። ፉል በዳቦ በላሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ በድልድዩ አጠገብ ወደ ውሃው ወረድኩ። ሁለት ውሃ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንዱ ጠራ ያለ፣ አንዱ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል፤ ከተገናኙም በኋላ ለጥቂት ጊዜ አይቀላቀሉም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዳር ላይ መረቡን ይጠግን ነበር። ከሐበሻ የሚመጣው የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁት። የጠራውን አሳየኝ።

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ፣ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ለብ ያለ ነው፣ የእኛው ያጥንት ብርድ የለበትም፤ መንገድ ረዝሞበት ነው አልኩ። ፊቴን ታጠብኩበት። ሁለት ዓመት የዋሸሁትን ያን ጊዜ እውነት አደረግሁት። «እማዬ የነገረችህን ንገረኝ» አልኩት በአማርኛ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ዓሣ አጥማጁ ምን እንደምል ጠየቀኝ። ተከዜን እያናገርኩ ነው አልኩት። ተከዜ ምንድን ነው አለኝ። ይሄ ውሃ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይሄ ከትልቅ ሐይቅ ነው የሚወጣው፣ ሐይቁ ውስጥ መነኮሳት የሚኖሩባቸው ደሴቶች አሉ፣ ወንድሜ ሄዶ አይቷል አለኝ።

ጣና ነው። ዓባይ ነው። ለካ ፊቴን የታጠብኩት በጎጃም ውሃ ነው። እናቴ የላከችው ጎጃም ውስጥ አላለፈም። ታዲያ የት ሄደ? ዓሣ አጥማጁን ተቆጣሁት፣ ሰውየው ምን አጠፋ። ሌላ ከሐበሻ የሚመጣ ውሃ የለም ወይ፣ በደንብ አስብ አልኩት። እጁን ዘርግቶ ሁለቱን አሳየኝ። ካርቱም ያላት ሁለት ነው። እንዲያው እዚያው ቆሜ፣ ጫማዬ በእጄ፣ ባርኔጣዬ በራሴ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አባዬ ሞቷል ብዬ በልቤ አልኩት። ወዲያው አላልኩም ብዬ ተውኩት። ከዳር ሰው ሲጠራኝ ሰማሁ። ፖሊስ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ያለው መኮንን ወጣት ነው፣ ብዕሩን አፉ ውስጥ ይከታል። የሰበረኝን ዓረብኛ ሰብሬ ነው የመለስኩለት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ዛሬ ሥራ የለኝም። ከተማ እየጎበኘሁ ነው።»

«ቱሪስት ነሽ?»

«ነኝ።»

«ቱሪስት ፓስፖርት አለው።»

«እኛ ሀገር ሲመጡ ፓስፖርት አልጠየቅናቸውም። እንቁላል ነው የሰጠናቸው።»

ብዕሩን አወጣና አየኝ። ከድልድዩ አጠገብ ውሃ ውስጥ ምን ታደርጊ ነበር አለኝ። መልእክት እየተቀበልኩ ነበር አልኩት። ከወንበሩ ቀና አለ። ከማን ነው ሲለኝ ከእናቴ ነው አልኩት። ምን የሚል መልእክት ሲለኝ፣ አልደረሰኝም፣ ውሃው ሌላ ነው አልኩት። ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ ባውቅ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ አሠሪ ካለሽ መጥታ ዋስ ትሁን፣ ካልሆነ ጠዋት መኪና ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ሸዋክ አጠገብ ካለው ካምፕ ትገቢያለሽ አለኝ። የሲት ኒማትን ቤት ነገርኩትና ግቢው ውስጥ ከታፈሱት ጋር ተቀመጥኩ።

ከአጠገቤ ሽማግሌ ሐበሻ ነበሩ፣ አቶ ንጉሤ ይባላሉ፣ የሑመራ ሰሊጥ ገበሬ የነበሩ። ያንን ባርኔጣ አይተው ከየት ነሽ ልጄ አሉኝ። ከላስታ፣ ሙግራን ላይ ተከዜን ስፈልግ ተያዝኩ አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ ተከዜን ካርቱም ምን ያመጣዋል? ተከዜ በእኛ በኩል ነው የሚገባው። ከሑመራ ጀምሮ ሰቲት እንለዋለን። ሸዋክ ጋ ነው፣ ሊወስዱን ካሰቡት ካምፕ ሥር።»

ፖሊሶቹ እንዴት ብለው ነው በዚህ ሊቀጡኝ የፈለጉት? ካርቱም ላይ ሁለት ዓመት ተደብቄ የሸሸሁት መኪና ወደ እናቴ ውሃ የሚሄደው ነው። ሳቅሁ መሰለኝ። አቶ ንጉሤ ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቁኝ የእማዬን ደብዳቤ ከደረቴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሳቃቸውን አቆሙ። ጢማቸውን እያሻሹ የአባቴን ስም ጠየቁኝ። አያሌው አልኳቸው። የክርስትና ስማቸውስ አሉኝ። ገብረ ማርያም አልኳቸው። ለምን እንደጠየቁኝ አላሰብኩትም፣ ወይም እንዳላስብ አደረግሁ።

ሲት ኒማት ከቀትር በኋላ መጣች፣ በንዴት ላብ በላብ ሆና። ማታ እንግዶች አሉባት። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ስታመም ሐኪም ቤት ራሷ ወስዳኛለች። ለመኮንኑ ወረቀት ፈረመች፣ ከዚያ ነይ ውጪ አለችኝ። አልነሳም አልኳት። መኮንኑም እሷም የዓረብኛዬ ጉድለት መሰላቸው፣ ቀስ ብለው ደገሙልኝ።

«ከካርቱም ወደ ካምፕ በፈቃዱ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች ሲት ኒማት።

«አሁን አየሽ» አልኳት።

ጥላ ያለው ቤት፣ ቧንቧ፣ ማራገቢያ፣ ዘሀራ፤ የምተወውን አላወቅሁም እንዳትሉኝ። አውቄያለሁ። ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጆንያ ይዤ ተታልዬ መኪና ላይ ወጥቻለሁ፤ ይህኛው ላይ የት እንደሚሄድ እያወቅሁ ነው የምወጣው። ጠዋት መኪናው ሲሞላ ዘሀራ ልብሴን በሻሽ ቋጥራ መጣች። አቀፈችኝ፣ እንደገና አብሽሪ አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልተቆጣኋትም።

ካምፑ ስንደርስ አመሻሽቶ ነበር፣ ወንዙን አላየሁትም። አቶ ንጉሤ ዛሬ እረፊ፣ ነገ ታዪዋለሽ አሉኝና እሳቸው ወደ ሽማግሎች ድንኳን ሄዱ። ጎህ ሲቀድ ሦስት ሴቶች ደጃፌ ላይ ቆሙ። አንደኛዋ የወገል ጤና ሰው ናት፣ የቀሩትም ወሎዎች። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። ነይ ውሃ እንውረድ አሉኝ፣ እንስራ የያዘች ግን የለችም። ግራና ቀኝ ይዘውኝ ወረድን።

ወንዙ ትንሽ ነበር። በጋ ነው፣ ከጉልበት አይበልጥም፤ ሰፊ የድንጋይ ሜዳ መሐል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እንደዚያ ያለ ትንሽ ውሃ ያን ያህል ነገር ተሸክሞ ይመጣል ብዬ ነበር። አቶ ንጉሤ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«ልጄ ትጓደድ» አሉኝ፣ «እናትሽ ሰው አጥተው ነው ለውሃ የነገሩት። እኛ ሰዎች ነን። አባትሽ አቶ አያሌው አርፈዋል።»

እንደ ላስታ ሴት አለቀስኩ። ደረቴን መታሁ፣ ስሙን ጠራሁ፣ ሴቶቹ ያላዩትን ሰው እንደሚያውቁት ሆነው አብረውኝ አለቀሱ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሰው ከራሽኑ ዱቄት ዳቦ እየጋገረ አመጣልኝ። በሁለተኛው ቀን የካምፑ መዝጋቢ መጥቶ ለምን ቆጠራ ላይ እንዳልተገኘሁ ጠየቀኝ። ለቅሶ ላይ ነኝ አልኩት። መቼ ሞተ ሲለኝ አላውቅም፣ ትላንት ነው የሰማሁት አልኩት። በየትኛው ሬዲዮ ብሎ አሾፈ። የወገል ጤናዋ ሴት ተነስታ እስኪሄድ ድረስ ፊት ለፊቱ ቆመችበት።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ነው። ወደ ካርቱም አልተመለስኩም። በሐምሌ ውሃው መጣ፤ ጠዋት ስንወርድ ያ የድንጋይ ሜዳ የለም፣ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ሥር ተሸክሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይሄዳል። ዝቃጩን ዘግኜ በእጄ አሸሁት። አፈሩ የእኛ ነው። እዚያ ላይ በእናንተ ማሳ የጎደለው እዚህ ነው ያለው፣ ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም። ለእማዬ የምለው ነገር ነበረኝ፣ ግን ውሃው ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። የእኔን ወደ ላይ የሚወስድልኝ የለም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩላት፣ የሚከፍተውም ይክፈተው ብዬ።

እማዬ፣ የነገርሽው ደርሶኛል አልኳት። ብቻዬን አልሰማሁትም፣ ሰው ይዞኝ ነው የሰማሁት፤ በዚህ ልብሽ አይድከም። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልላክሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወንዙ አትውረጂ፣ ወደ ገነተ ማርያም ውጪና አባዬ ከተኛበት ቁጭ በይ። ትጓደድ ካርቱምን አይታለች በይው። ሁለት ወንዝ ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ሲሄድ አይታለች፣ የእኛን ማርያም ሰው ሀገር ላይ ቁጥር ተለጥፎባት አግኝታ ተሳልማታለች፣ የቤተ መንግሥት ዘበኛ እስኪያፍር ድረስ ቆማ አይታዋለች። ምንም አልጠፋትም፣ ሀገር ልታይ ነው የሄደችው በይው።

ባርኔጣም አድርጋ ነበር በይው።